ጥቁር የለበስኩት ደስ ብሎኝ ነው

አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ባገኘኝ ቁጥር «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል። ማንም አልሞተብኝም። እናቴ አንኮበር ላይ ጤነኛ ናት፤ በአጥር ከጎረቤት ጋር ስትጨቃጨቅ ድምጿ ገደል ይሻገራል። አባቴ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ ዛሬም ማሕሌት ቆሞ የሚያድር ሰው ነው። ባል ኖሮኝ አያውቅም። ግን ጠጉሬ አጭር ነው፣ ጥቁር እለብሳለሁ፣ ልብሴም አንገቱ ላይ የተቀደደ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ እንዲህ ያለች ሴት ካየ ሌላ ነገር አያስብም። ቆም ይላል፣ ባርኔጣውን ያነሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። «እግዜር ያጽናሽ።»

ይህን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የበሽርን ነው። አገር ሁሉ ሲያጽናናኝ እሱ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ረገመኝ።

ለተጊዮርጊስ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ብርሃን ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ቤትና አንዲት የስፌት መኪና አለችኝ። በሽር የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ቦንዳውን ፈትቶ ደህና ደህናውን ይሸጣል፣ የተቀደደውን ለእኔ ያመጣል። እኔ ስጠግን እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያወራል። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ሳቁ ቶሎ አይመጣም፤ ከመጣ ግን አይመለስም።

አንድ ቀን ከሚጠገን ኮት ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የፈረንጅ ኮት ነውና የፈረንጅ ወረቀት መሰለኝ። ፊደሉ ግን የኛው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ሱሪ ኪስ ሌላ ወረቀት ወጣ። ማንበብ አልችልም ነበር። ለሰው ማስነበብ ፈራሁ። እየተጠራቀሙ አሥራ አንድ ሲሆኑ በክር ጠቅልዬ አስቀመጥኳቸውና በሠላሳ አምስት ዓመቴ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዘርአ ዳዊት ለአብዮቱ ብዬ የተማርኩ መስሎት በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። ያጨበጨቡት ለበሽር ነበር።

የመጀመሪያውን ወረቀት ያነበብኩት ትምህርት በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። «መርፌ ውስጥ ክር ስታስገቢ ምላስሽን ታወጫለሽ» ይላል። ይኸው ነው ጽሑፉ በሙሉ። ወረቀቱን ይዤ ፊቴ እስኪግል ሳቅሁ።

በ1974 ዓ.ም. ያቺ ጃኬት መጣች። ከቦንዳው ሥር የተጨማደደች፣ ጥቁር፣ ኪስ በሌለበት ዚፕ ያላት። ብብቷ ተቀዷል፤ የተቀደደውን ግን ማንም አልሰፋውም፤ በመርፌ ቁልፍ፣ በዚያች ጫፏ በሚቆለፈው የሕፃን ጨርቅ መያዣ፣ በረድፍ አያይዘውታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ዘጠኝ።

«ይህችን ጠግኛት» አለ በሽር።

አገላብጬ አየኋት። «አትጠገንም።»

«ለምን?»

«ተቀድዳ አይደለም እኮ። ቀደዋት ነው። አውቀው።»

ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣች አንዲት ተማሪ አይታ «ፓንክ ነው! የፈረንጅ ወጣቶች ፋሽን!» ብላ ጮኸች። ፓንክ ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቀዳዳ ስደብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ክሩን ከጨርቁ ቀለም ጋር አመሳስላለሁ፣ ስፌቱን ወደ ውስጥ እገለብጣለሁ፤ ሰው ድህነቱ እንዳይታይበት። ይህች ግን ቀዳዳዋን ደረቷ ላይ አስጊጣ «ምን ይሁን?» የምትል ልብስ ናት። ወደድኳት። ለብሻት ደጃፍ ወጣሁ።

በሽር ያን ቀን ያየኝን አስተያየት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዐይኑን ከእኔ ሳያነሳ የያዘውን ጨርቅ ጣለው።

«ላግባሽ» አለኝ፤ እዚያው፣ በቀን፣ በገበያ መሀል።

እኔ ግን የመሪጌታ ልጅ ነኝ። የአባቴ ፊት መጣብኝ። «ቆይ» አልኩት። በሕይወቴ ከተናገርኩት ቃል ሁሉ የምጠላው ያቺን ናት። በዚያው ወር ፊናንሶች፣ የጉምሩክ ጠባቂዎቹ፣ ጭነቱን ወረሱበትና አሰብ ወደብ ለሥራ ወረደ። ሲሰናበተኝ «ቆይ ብለሻል፣ እቆያለሁ» አለ። በመኪናው ጭስ ውስጥ ሲሄድ አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁት። እንባዬን የዋጥኩት ትዕቢት ይዞኝ ነው።

*

እሱ ሲሄድ እኔ መቀደድ ጀመርኩ።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ሴቶች አንዷ፣ ይርጋለም የምትባል፣ መጣችና «እትዬ ለቱ፣ እንዳንቺው አድርጊልኝ» አለች። የሱሪዋን ጉልበት ቀድጄ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት። በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ። ከዚያ ፋሽኑ ያለፈበትን ሱሪ ማጥበብ፣ የኮት እጅጌ መቁረጥ፣ ጠርዙን ሳይታጠፍ እንዲዘረዘር መተው ሆነ ሥራዬ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ በአምስት መርፌ ቁልፍ ሰክተው ቅዳሜ ቅዳሜ በአስፋልቱ ሲያልፉ ጎዳናው ሽቅብ የተነሳ ይመስል ነበር። ከገበያው ሱቅ መርፌ ቁልፍ ጠፋ። ሕፃን ያላቸው እናቶች ሰደቡኝ።

ዘርአ ዳዊት አስጠራኝ።

«ጓድ ለተጊዮርጊስ፣ ይህ የበሰበሰ የኢምፔሪያሊስት ባህል ነው።»

«የበሰበሰው ጨርቁ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። በካርድ የሚሰጠን አቡጀዲ ሁለት እጥበት አይችልም። እኔ የበሰበሰበትን ቦታ ነው የማሳየው።»

«ወጣቱን ታበላሺያለሽ!»

«ያንተ ሱሪ መቀመጫው ላይ ስንት ጊዜ ተጥፏል? ማን ጣፈልህ? ለሰው ነግሬብህ ዐውቃለሁ?»

ጸሐፊው ሳቁን ሊደብቅ ጠረጴዛው ሥር እርሳስ ፈለገ። ለአንድ ወር ቤቴን አሸጉት። ሲከፈት የሊቀመንበሩን ሱሪ በቀይ ክር ጣፍኩለት። ቀይ የአብዮቱ ቀለም ነው፤ ምን ይበል?

ጠጉሬን የቆረጥኩት ደግሞ ዘመዶቼ ከአንኮበር አንድ ሚስቱ የሞተችበት መምህር ሊድሩኝ ይዘው በመጡ ቀን ነው። ጠዋት በጨርቅ መቀሴ ከረከምኩት። ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ያውቃል፤ በጨርቅ መቀስ ጠጉር አይቆረጥም፣ ስለቱ ይሞታል። ቆረጥኩበት። መምህሩ ገብቶ አየኝ፣ ቆብ ከራሱ አወረደ፣ «እግዜር ያጽናሽ፤ ማን ነው የሞተው?» አለ። «ያንተ ተስፋ» አልኩት።

እንዲህ እየኖርኩ ነው በ1976 ጥር ላይ የበሽር ወረቀት የመጣው። የጭነት መኪና ረዳት ሰጥቶኝ ሄደ። ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፦

«ለተጊዮርጊስ፣ ሐዘንሽን አየሁ። አላህ ስብሩን ይስጥሽ። ከእንግዲህ በደጅሽ አላልፍም። በሽር።»

ስብሩን ይስጥሽ! የቱን ስብር? ወገቤን? እጄን? ልብስ ሰፊ ሴት እጇ ይሰበር ተብላ ትረገማለች? ሐዘኔን፣ ናፍቆቴን፣ መክሳቴን አይቶ ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለኝ። ቆይ ስላልኩት ነው። ያን ዕለት የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ አልተሰማኝም። ከዚያ ተነሳሁና ጥቁሩን ልብሴን ከበፊቱ አብልጬ ቀደድኩት። ስብር ከሆንኩ ስብርነቴን ሁሉም ይየው አልኩ።

*

አምስት ዓመት ሞላ። ዘንድሮ፣ በ1981፣ በአንድ ሰኞ አንዲት ሙስሊም ሴት ልብስ ልታሳጥር ገባች። ሰሊሃ እባላለሁ አለች፤ ከአልዩ አምባ ደብረ ብርሃን ከገባች ወር አልሞላትም። ጠጉሬን አየች። የተቀደደ አንገቴን አየች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እህቴ» አለችኝ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ደሜ ፈላ። «ምን በደልኩሽ? ገና ስትገቢ ምን አድርጌሽ ነው የምትረግሚኝ?»

«እርግማን?» ደነገጠች። «ኧረ በአላህ! ሐዘን ላይ ያለሽ መስሎኝ ነው።»

«ድገሚው እስቲ ያልሽውን።»

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ትዕግሥቱን፣ መጽናናቱን ማለት ነው እንጂ። እናንተ እግዜር ያጽናሽ አይደል የምትሉት? እኛ እንዲህ ነው የምንል።»

ሶብር። ሶብር አድርጊ፣ ሶብር አድርግ ሲባባሉ ገበያ ላይ ሺህ ጊዜ የሰማሁት ቃል። ወረቀት ላይ ግን የሰው ድምፅ የለም። እኔም በሠላሳ አምስት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። እንደ እብድ መሳቢያውን ከፍቼ ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበች።

«ስብሩን አይደለም እኮ። ሰብሩን ነው፤ ያው ሶብር ማለት ነው። በሰውየው እጅ ጽሑፍ ሰ እና ስ አይለዩም።» ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ ተለቀ። «በሽር? የእማማ አፊፋ ልጅ? ያቺ... ያቺ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ አንቺ ነሽ?»

«የቱ ባል?»

«ሱብሃነላህ!» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

አልዩ አምባ ሁሉ የሚያወራውን ነገረችኝ። በሽር ከአሰብ ሲመለስ ለእኔ ሽቶ ገዝቶ፣ ከመኪና ወርዶ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ አየኝ። ጥቁር ለብሻለሁ። ጠጉሬ ተከርክሟል። አንገቴ ተቀዷል። ከማዶ ደግሞ ጃኬቷም መርፌ ቁልፎቿም አይለዩም። ከጎኑ ቆሎ የምትሸጠውን ሴትዮ «ማን ሞቶባት ነው?» አላት። ሴትዮዋም «እንጃ ልጄ፤ ባሏ ይሆናል። ግንባር ነዋ፣ ሌላ የት ይሞታል ዘንድሮ?» አለችው። ስንቱ ቤት ጥቁር ለብሶ የነበረበት ጊዜ ነው። እሱ በሌለበት ያገባሁ መስሎት አመነ። ሐዘን የተቀመጠችን ሴት በፍቅር ማነጋገር ነውር ነው ብሎ፣ ሚስቱን የቀበረ ሰው ነውና ሐዘን ያውቃልና፣ ሳይሻገር ተመለሰ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ደብረ ብርሃን ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቅ። እኔንም አምና ለገበያ ስመጣ ጠይቆኛል፤ አንቺን ግን አላየሁሽም ነበር። 'ገበያው አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ ጥቁሯን አወለቀች ወይ?' ይላል። ደርሶ የተመለሰ ሁሉ 'አላወለቀችም' ይለዋል። 'እንግዲያውስ ገና ነው' ይልና ይቀመጣል።»

እኔ ለእልሄ ስለብስ እሱ ለአክብሮቱ ሲቆይ! ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የሚያስቅ ነው፤ አልሳቅሁም። የሚያስለቅስ ነው፤ እንባ አልመጣም።

«አሁን ግን እናቱ ሰለቻቸው» አለች ሰሊሃ ቀስ ብላ። «የፊታችን ዓርብ ሽማግሌ ይልካሉ። ለያሕያ ልጅ፣ ለነሲባ። እሱም እምቢ ማለት ደክሞት ዝም ብሏል።» እጄን ያዘችኝ። «ጥቁሩን አውልቂና ነገ ውረጂ። ነጭ ልበሺ። ሲያይሽ ያን ጊዜ ይገባዋል።»

ልብሴን ዳሰስኩ። ለአንድ አፍታ አሰብኩት።

«አላወልቅም።»

«አበድሽ?»

«ነጭ ለብሼ ብሄድ ባል ነበረኝ፣ አለቀስኩለት፣ ዛሬ ወጣልኝ ማለት ነው። ላልነበረ ሰው ሐዘን አልወጣም። የለበስኩት ደስ ብሎኝ ነው። በዚሁ ያየኝ ይየኝ፤ ያላየኝ ይቅር።»

*

ማግስቱን በጭነት መኪና አንኮበር ገባሁ። ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ በወላጆቼ ደጅ ያልፋል። እናቴ አጥሩ ላይ ነበረች።

«ለቱ? ምን ሆነሽ ነው በሥራ ቀን?»

«ቁልቁል እየወረድኩ ነው።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለሽምግልና።»

«የማን ሽምግልና?»

«የኔ። ለራሴ ልጠይቅ ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። መርፌ ቁልፎቹን፣ ዚፑን፣ የተከረከመ ራሴን። የበሽርን ነገር ከሰባት ዓመት በፊት ነግሬያት ጆሮዋን ይዛ «አልሰማሁም» ያለች ሴት ናት። አፏን ከፈተች። አሁን ትጮሃለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«በዚህ ልብስ?»

«በዚህ ልብስ፣ እማዬ።»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞረች። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስልኝ፣ «አባትሽ ሳይመጣ እለፊ» አለች።

ያቺን ቃል ተሸክሜ ገደሉን ወረድኩ። ከባድ ነበረች። ግን ምርቃት እንደነበረች ሲገባኝ እግሬ ፈጠነ።

እማማ አፊፋ ደጃቸው ላይ በርበሬ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ወጣ።

«ኢናሊላሂ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ። ለሽምግልና መጥቼ ነው።»

«ሽማግሌዎቹ የታሉ?»

«እኔው ነኝ።»

«ግቢና ተቀመጪ እንግዲያ።»

«ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። አልቀመጥም።»

በሽር ድምፄን ሰምቶ ከጓሮ መጣ። ሽበት ገብቷል። ደጃፉ ላይ ሲያየኝ እግሩ ተተከለ። ዐይኑ መጀመሪያ ጥቁሩ ላይ አረፈ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ዛሬም አላወለቅሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው፣ ይህን ያህል ያዘንሽለት?»

«በሽር፣ ባል የለኝም። አልነበረኝም። ሐዘን አይደለም ይህ። ፋሽን ነው።»

«ፋሽን?»

«ፓንክ ነው። የፋብሪካ ሴቶች ሁሉ ይለብሱታል። አንተ የላክኸውን ሶብር ደግሞ ስብር ብዬ አንብቤ አምስት ዓመት ስሰድብህ ነበር።»

አየኝ። እናቱን አየ። ደግሞ እኔን አየ። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ላልሞተ ሰው አምስት ዓመት ዱዓ አደረግሁ። ለነፍሱ ሶደቃ አወጣሁ።» እዚያ ላይ ያ ሳቁ መጣ። ከዐይኑ ውኃ ጋር መጣ። ግድግዳውን ይዞ ሳቀ፤ አልመለስ አለው። እኔም ያን ጊዜ ነው አምስት ዓመት የያዝኩት እንባ የወረደ።

እማማ አፊፋ ግን አልሳቁም።

«የመሪጌታው ልጅ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«ሃይማኖትሽስ?»

«ይዤው መጥቻለሁ። እሱም የራሱን ይዞ ይኑር። ሃይማኖቱን ልቀማው አልመጣሁም።»

«አባትሽስ?»

«አባቴ ማሕሌቱን ይቆማል። እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።» ጉሮሮዬን ጠረግሁና እንደ ሽማግሌ ወጉ ተናገርኩ፦ «ልጅዎን በሽርን ለራሴ ብዬ፣ ከደጅዎ ቆሜ እጠይቃለሁ። ይስጡኝ።»

ከበርበሬው አንዱን አንስተው አገላበጡት። በሽር ትንፋሹን ይዞ ያያቸዋል።

«ለሽማግሌ በአንድ ቀን መልስ አይሰጥም» አሉ በመጨረሻ። «የአባት የእናት ወግ ነው። ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ዓርብ ደግሞ የእኔ ሽማግሌዎች ወደ ሌላ ቤት ይወጣሉ።»

«ሄዶ ደግሞ መምጣት ነው ወጉ?»

«ወጉማ ነው።»

«በመሀሉ ስንት ቀን ይቆያል ይላል?»

አሰቡ። «ቀኑንስ... ቀኑን እንኳ የወሰነው የለም።»

«እንግዲያውስ ደህና ይዋሉ፣ እናቴ» አልኩ። እጅ ነሳሁ። ከግቢው ወጣሁ። የቆርቆሮውን በር ከኋላዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ዞርኩና አንኳኳሁ።